የጀማልን ራስ ይዘን ደሴ የወረድንበት ሰሞን

ከደሴ ከተመለስኩ ወዲህ የወረኢሉን መንገድ በሰላም አቋርጬ አላውቅም። አንዱ ጫማ ሰፊው ደጃፍ ላይ ይይዘኛል፤ ሌላው መስጊድ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሟች ተረስቶ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠጋ ይልና «አያ ይመር፣ የልጁን ራስ በቧንቧ ከሆዱ ጋር ቀጠሉት የሚባለው እውነት ነው?» ይለኛል። ስናገር ስናገር ድምፄ ዘጋ። ስለዚህ ጻፍኩት። ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ የማይችል የሚችል ሰው ይፈልግ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ እኔ ካላልኩ ሌላው አሳንሶ ያወራዋል። ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ነው፤ ከስኳር ጆንያና ከሳሙና መጠቅለያ ላይ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣ ጊዜ ካድሬው ሊፈትነኝ ጋዜጣ ቢሰጠኝ አንብቤለት ስህተቱንም አሳየሁት። የዘመቻው ፍሬ ነህ ብሎ ምስክር ወረቀት ሊሰጠኝ ሲል «እኔ ዘመቻው ሳይዘራ የበሰልኩ ነኝ» ብዬ መለስኩለት። በሙያዬ ወጌሻ ነኝ። ሙያውንም ያስተማረኝ የለም፤ ጣቶቼ ናቸው ያስተማሩኝ። ከወረኢሉ እስከ ከላላ የተሰበረ እጅ፣ የወለቀ ትከሻ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ካለ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከአንገት በላይ ግን አልነካም። ትልቅነቴም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የልጄ ልጅ ዘሀራ ልጇን ጀማልን ይዛ በመጣች ጊዜ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ልጁ የተወለደው አባቱ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ነው። ከወር ወር ራሱ እየተነፋ ሄደ። ግንባሩ ገፍቶ ወጣ፤ ርግብግቢቱ እንደ ከበሮ ተወጠረች፤ ዓይኖቹም ወደ ታች ሰምጠው ነጫቸው ብቻ ከላይ ይታያል። እኩዮቹ ተቀምጠው አፈር ሲቅሙ እሱ አንገቱን ማቅናት አቃተው። መካሪ ግን አልጠፋም። አንዷ በጨርቅ ጠፍረሽ እሰሪው አለች፤ አንዱ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው እውነቱን የተናገረ፦ «ራሱ ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ነው። ደሴ ይህን የሚሠራ የውጭ አገር ሐኪም መጥቷል። ቶሎ ካልደረሳችሁ መጀመሪያ ዓይኑ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ልጁ።»

እሑድ ተነሳን። የይለፍ ወረቀቱን ለማውጣት ቅዳሜን ሙሉ ቀበሌ ደጅ ጠንቼ ነበር። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አንስቶ «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«የልጅ ራስ።»

«ራሱ ምን ሆነ?»

«ትልቅ ሆነ።»

«ጓድ ይመር፣ በመንግሥት ሥራ አይቀለድም።»

ዘሀራ ሻሹን ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ማኅተሙን መታ። የዚያ ማኅተም ድምፅ በዚያን ያህል ፍጥነት ሲሰማ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አውቶቡሱ ሰው፣ ዶሮና የእህል ጆንያ በእኩልነት የሚጓዙበት ነበር፤ ኅብረተሰባዊነት ማለት ይህ ከሆነ ደርሰንበታል። ጉጉፍቱ ላይ ጎማ ፈነዳ። እኛ ወረኢሉዎች ብርድ እናውቃለን እንላለን፤ የእኛ ብርድ ሰው ያከብራል፣ የጉጉፍቱ ግን ከልብስ ሥር ገብቶ ይፈትሻል። ከኋላችን የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ከትከሻዋ ላይ የበግ ጠጉር ባናዋን አውርዳ ጀማል ላይ ጣል አደረገችና እሷ በነጠላ ቀረች። ብንመልስላትም አልተቀበለችም። «እኔ እኮ ወፍራም ነኝ» አለች፤ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ሴት ነች።

ሾፌሩ ጎማውን ሲለውጥ እኔ ከጎኑ ቆሜ ማሰሪያዎቹን በየትኛው ቅደም ተከተል ማጥበቅ እንዳለበት እነግረው ጀመር።

«አባባ፣ እርስዎ አጥንት ይጠግኑ፤ ጎማውን ለእኔ ይተዉልኝ» አለኝ።

«ሁለቱም መገጣጠሚያ ነው» አልኩት።

ተመልሰን ስንሳፈር አንድ ነጋዴ ጀማልን አተኩሮ አየና ዘሀራን ለማጽናናት «አይዞሽ፣ ይህን የሚያህል ራስ ይዞ ሚኒስትር ነው የሚሆን» አላት።

«ለሚኒስትርነት ራስ ያስፈልጋል ያለህ ማነው?» ከአፌ አመለጠኝ።  ሰዉ ሁሉ ግራና ቀኙን አየ። መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው፤ ከዚያ ዶሮዎቹ ሲቀሩ ሁሉም ሳቀ።

ደሴ መግቢያ ላይ ኬላው ሁላችንንም አስወረደን። አንድ ሚሊሺያ በዘሀራ እቅፍ ያለውን ጥቅል ተጠራጠረ። «ምን ደብቀሽበታል? ጨርቅ ነው? ጨው ነው?» ብሎ ባናውን ገፈፈው። ጀማል በሰመጡ ዓይኖቹ አየው። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «አላህ ይማረው እህቴ» አለና ባናውን በገዛ እጁ መልሶ ሸፈነው፤ ሌሎች ተሳፋሪዎች ገና ሲፈተሹም እኛን መኪና ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋልን።

ያደርነው ደሴ ውስጥ ሆጤ ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ቤት ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ወረኢሉ መጥቶ ከበቅሎ ወድቆ ጭኑን ተሰብሮ ነበር። ሳያነክስ መለስኩላት፤ ከዚያ ወዲህ ዘመድ ነን። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኛ እስላሞች። የወሎ ሰው ለዚህ መላ አያጣም። ገና ስንገባ ዶሮዋን ይዛ ሙስሊም ጎረቤቶቿ ጋ ሮጠች፤ አባወራው «ቢስሚላህ» ብሎ አረደላት፤ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠራችው፤ አስካለ ተሸክማ አምጥታ አቀረበችልንና «እኔ ሽንኩርቱን ብቻ ነው የላጥኩት፤ በሰላም ብሉ» አለችን። ወጡ ከእኛ አገር ይልቅ ቀላ ይላል፣ ጨው ግን ያንሰዋል። ነገርኳት። «አንቱ እንኳን ደኅና መጡ፤ አመልዎም አብሮ መጥቷል» አለችኝ።

ሰኞ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ቀኑ የገበያ ነውና ሰኞ ገበያን ጥሶ ማለፍ ራሱ ሕክምና የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የእኛ ገበያ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሰው ከሰው በሰላምታ ይተላለፋል፤ የደሴው ደግሞ በክርን ነው የሚተላለፈው። አስካለ ፊት ፊት እየሄደች «መንገድ! የታመመ ልጅ! መንገድ!» ስትል የበርበሬ ነጋዴዎች ጆንያቸውን ጎተት ያደርጉልን ነበር።

ሐኪሙ ጢሙ የተላጨ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ራዲዮኑ «ወዳጅ ሶሻሊስት አገር» ከሚላቸው ከአንዱ የመጣ ሰው ነው። ጥቂት አማርኛ ያውቃል፤ የቀረውን አንዲት ሲስተር ትተረጉምለታለች። እኔም ራሴን በሙያ ባልደረባነት አስተዋወቅኩ። ሲስተሯ የተረጎመችለት መሰለኝ፤ ተነስቶ ጨበጠኝ። ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር የጀማልን ራስ ዙሪያ ለካ፤ መጋረጃውን ዘጋና ክፍሉን አጨለመው። ትንሽ የእጅ ባትሪ አውጥቶ ከልጁ ራስ ጋር አጣብቆ አበራ።

ራሱ በራ። እንደ ፋኖስ ብርጭቆ ቀይ ሆኖ፣ ከወዲያኛው ጎን ድረስ ብርሃኑ አለፈ። ዘሀራ «ያ ረቢ!» ብላ ግድግዳው ላይ ተጣበቀች። እኔም ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ቅርብ ስለነበር ነው።

«ውኃ ነው» አለ ሐኪሙ በአማርኛ። «ብዙ ውኃ። አንጎሉ ዳር ዳር ተገፍቷል። ግን አለ።»

ማክሰኞ ጠርቶን ያለውን መንገድ ሁሉ ነገረን። ይህን በጥሞና አንብቡ፤ መንገድ ላይ የምትይዙኝ ለዚህ ነውና። በየሰዉ አንጎል ውስጥ ትንንሽ ጓዳዎች አሉ፤ እዚያም ውኃ ዕለት ዕለት ይመነጫል፤ መውጫ አግኝቶም ይወርዳል። የጀማል መውጫ ተዘግቷል። አንደኛው መላ ያለ ቱቦ ነው፤ እዚያው አንጎል ውስጥ አዲስ ቀዳዳ መክፈት። «መሣሪያው እኛ ጋ የለም፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይደፈናል» አለ። ሁለተኛው፣ ከራስ ተነስቶ በአንገት ደም ሥር ገብቶ እስከ ልብ ጓዳ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ማስገባት። ሦስተኛው፣ ያንኑ ቱቦ ከጆሮ ኋላ በቆዳ ሥር አሳልፎ፣ በአንገትና በደረት አውርዶ ሆድ ዕቃ ውስጥ መልቀቅ። በሁለቱም ላይ ከጆሮ ኋላ አንዲት ትንሽ በር ትገጠማለች፤ ውኃው ሲበዛ ትከፈታለች፣ ሲበቃ ትዘጋለች፣ ወደ ኋላም አትመልስም።

እኔ ወዲያው «ወደ ልብ ይሁን» አልኩ። «ሆድ የምግብ ቦታ ነው። በላዩ ውኃ ሲጨመርበት ራሱ ጎድሎ ሆዱ ሊነፋ ነው?»

ሐኪሙ አልሳቀም፤ በሲስተሯ በኩል መለሰልኝ። «ቱቦው ጨጓራ ውስጥ አይገባም፤ ከጨጓራና ከአንጀት ውጭ ነው የሚቀመጠው። የሆድ ዕቃ ስስ ሽፋን ውኃውን ይመጠዋል። ወደ ልብ የሚሄደውም ይሠራል። ግን ልኩ አንድ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ያጥርበታል፤ እየቀደድን መቀየር አለብን። ቢመረዝም በቀጥታ ከደም ጋር ይቀላቀላል። ሆድ ግን ሰፊ ነው። ትርፍ ቱቦ ጠቅልለን እንተውለታለን፤ ልጁ ሲረዝም እየተፈታ አብሮት ይሄዳል።»

ሌላ ስድስት ያህል ክርክር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዘሀራ ግን ቀደመችኝ።  «የማይበላሸው የትኛው ነው?» አለች።

ሲስተሯ ተረጎመች። ሐኪሙ «የማይበላሽ የለም» አለ። «ሊደፈን ይችላል። ሊመረዝም ይችላል። በዚህ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጢም ካበቀለ በኋላ። ያን ጊዜ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።»

«ሆድ ይሁን» አለች ዘሀራ። እኔም ያንኑ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

አባቱ ስለሌለ እኔ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ረጅም ስለሆነ ከመስመሩ አልፎ ወረደ። አንድ ችግር ግን ቀረ። ቱቦው ደሴ የለም፤ ረቡዕ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ይደርሳል። የሆስፒታሉ መኪና ቁስለኛ ሊያመጣ ወደ ሰሜን ወጥቷል። «እኔ አመጣዋለሁ» አልኩ። ማን ይሄድ ነበር ታዲያ?

ረቡዕ ጠዋት ወፍራም ገመድና ትልቅ ጆንያ ተሸክሜ መኪና ተሳፈርኩ። ቧንቧ ሊያመጣ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይይዛል? ሐረጎን ቁልቁል ስንጠማዘዝ ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ፤ ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ደሴ ላይ ሹራብ፣ ኮትና ጋቢ ያስፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሦስቱንም ጆንያው ውስጥ ከተትኳቸው። ቢያንስ ጆንያው ጠቀመ። በደሴ ሰው ሽቅብና ቁልቁል ሲሄድ ይኖራል፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ያለ ማለክለክ ወሬ ማውራት ይቻላል።

አውሮፕላኑ ዘገየ። ለምን እንደዘገየ ብጠይቅ የጥበቃው ሰው «ምስጢር ነው» አለኝ። አውሮፕላን መቅረቱን ሁላችንም እያየን ምስጢር ነው። አጥር ሥር ተቀምጬ ሳለ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ጨርሶ የሚመለስ ጎልማሳ በአንድ እጁ ሌላውን ደግፎ ሲያልፍ አየሁት። አላስቻለኝም።

«ና እዚህ። መቼ ነው የዞረው?»

«ትናንት፣ ጥቅልል ስናነሳ። አባት፣ ሐኪም ነዎት?»

«ከዚያ የሚበልጥ።»

አንጓው ወደ ቦታው ሲመለስ ድምፁ ተሰማ። ሰውዬው ጮኸ፣ ከዚያ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ጎትቶ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ድፎ ዳቦና ትኩስ ሽሮ አቀረበችልኝ። የምሄድበትን ጉዳይ ስነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሰማችኝና ለዘሀራ ብላ ግማሹን ዳቦ ቋጠረችልኝ። ባልየው አውሮፕላኑ ሲያንዣብብ ሰምቶ እየሮጠ አደረሰኝ፤ ጆንያዬን በዳነው እጁ ተሸክሞ።

የዕቃ ክፍሉ ሰው የሆስፒታሉን ወረቀት አይቶ የእጅ መዳፍ የምታህል እሽግ ሰጠኝ።

«የቀረውስ?» አልኩት።

«የምን የቀረው?»

«ቧንቧው።»

«ይኸው ነው አባባ።» ጆንያውንና ገመዱን አየ። «ምን ሊጭኑ መጥተው ነው?»

«ሌላ ጉዳይ አለኝ» አልኩና ወጣሁ።

እሽጉ ክብደት የለውም። በስሱ ወረቀት በኩል ስዳስሰው እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። የጀማል ነፍስ ይህች ናት ብዬ ሳስብ ኪሴ እንዳይጥላት ፈራሁ፤ ደረቴ ላይ በጋቢ አሰርኳት። ወደ ደሴ ስንመለስ ኬላው ላይ አንዱ አገኘው።

«ክፈት» አለኝ።

«አየር ከገባው ይበላሻል። የልጅ ራስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።»

«ክፈት ብያለሁ።»

ዘረጋሁለት። «እሺ፣ አንተ ክፈተው። ስምህን ግን ንገረኝ፤ ልጁ ሲሞት እናቱ የምትረግመውን ሰው ትወቅ።»

እሽጉን አገላብጦ አየና እንደ ትኩስ ድንች መለሰልኝ። «ሂድ፣ ሂድ፣ ሽማግሌ።»

ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ከሰዓት በኋላ ነው ተባለ። ሲስተሯ ከዋዜማው ደጋግማ አስጠንቅቃን ነበር፦ ከንጋት ጀምሮ ምግብ የለም፣ ጡት የለም፣ ወተት የለም፣ ውኃም የለም። ጀማል የእናቱን ጡት ሽታ ሲያገኝ ልቡ እስኪወልቅ ስለሚያለቅስ ከእሷ እንዲርቅ አስካለ አቀፈችውና በሆስፒታሉ ግቢ እየዞረች ታባብለው ጀመር። ዘሀራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። ቆየት ብሎ ለቅሶው ቆመ። ተኛ ብለን አመሰገንን።

በሩ ላይ ሲስተሯ ልጁን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። «ምንም አልቀመሰም?»

«ወላሂ! የውኃ ጠብታ በአፉ አልዞረም» ብዬ ማልኩ።

አስካለም ኮራ ብላ «ምንም! ጉሮሮው እንዳይደርቅ ብቻ ትንሽ ለጋ ቅቤ አስዋጥኩት እንጂ» አለች።

የሲስተሯ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ቅቤ?»

«ለጋ ነው፤ ጨው የሌለው። ከአንድ የገጠር ሴት ገዝቼ። ይኸው ጸጥ አለ አይደል?»

«ምግብ አትስጡ አላልኩም?»

«ምግብ መች ሰጠሁት? ቅቤ ምግብ ነው እንዴ?»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ከአስካለ ጋር ቆሙ። አንዷ «ገና ሲወለድ የሚውጠውን ቅቤ! እንዴት ምግብ ይባላል?» አለች። ሌላዋ «አንጀቱን ነው የሚያርሰው» አለች። እውነቴን ነው፣ በአገራችን ማንንም ብትጠይቁ እንዲሁ ይላችኋል። እኔም ከመማሌ በፊት ብጠየቅ ቅቤን ከምግብ አልቆጥረውም ነበር።

ጫጫታውን ሰምቶ ሐኪሙ በጭንብሉ ብቅ አለ። ሲነገረው ጭንብሉን አወረደና ራሱ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳ። «ልጅ እናስተኛዋለን። ሲተኛ ሆዱ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል። ወደ ሳንባ ይገባል። ያንቀዋል። ቅቤ፣ ወተት፣ ሁሉ አንድ ነው።» ከዚያ ወደ ሲስተሯ ዞሮ በራሱ ቋንቋ የተናገረውን እሷ ሳትወድ ተረጎመችልን፦ ነገ ቁስለኞች ይገባሉ፤ እሑድ እሱ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ጊዜ ከተገኘ ይሞክራል፤ ካልተገኘ አይታወቅም።

አስካለ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች። ማንም አልተቆጣትም፤ እሱ ነው የባሰው።

ዓርብ የጭነት መኪኖች ሲገቡ ዋሉ። ስለዚያ አልጽፍም፤ ያየ አይቷል። ጀማል ከጠዋት ጀምሮ የጠባውን ሁሉ ያስመልስ ጀመር፤ ዓይኖቹ ከበፊቱም ሰመጡ፤ ስንጠራው አይሰማም። ሐኪሙ በሁለት ቁስለኞች መካከል፣ ደም የነካ ልብሱን ቀይሮ፣ ሮጦ መጣ። ርግብግቢቱን በመድኃኒት አጽድቶ ቀጭን መርፌ አስገባ። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነገር እየተንጠባጠበ ትንሽ ብልቃጥ ሞላ። «ይህ ለአንድ ቀን ነው» አለ፤ ተመልሶም ሮጠ።

አስካለ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ብንለምናትም «እሱ ገብቶ ሳይወጣ አልበላም» አለች። ፆሟ ነው ብዬ ልቀልድባት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አይቼ ዘጋሁት። የጁምዓ ሰላት ሲደርስ ዘሀራ ተነሳች። ልጁን ማን ይያዝላት ብዬ እጄን ስዘረጋ በእኔ አጠገብ አልፋ ሄዳ ጀማልን አስካለ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ልስገድና ልምጣ እትዬ» አለቻትና ወጣች። አስካለ ልጁን እንደ ብርጭቆ ይዛ ዘሀራ እስክትመለስ አልተነቃነቀችም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጠሩን። ከንጋት ጀምሮ ጀማልን የያዘችው አስካለ ናት፤ ማንንም አላስጠጋችም፤ አንዲት ሴት በፍቅር ጉንጩን ልትስም ብትጠጋ «ከንፈርሽ ላይ ምን አለ?» ብላ መለሰቻት። በሩ ተዘጋ።  ኮሪደሩ ላይ የተኛ አንድ ወታደር ትከሻዬን እይልኝ ቢለኝ ዓይኔ በሩ ላይ ስለነበር ነገ አየዋለሁ አልኩት። በዕድሜዬ ሰው መልሼ አላውቅም።

ሲስተሯ ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት ድፍረት ሲጠፋኝ ዘሀራ «ሲስተር፣ በአላህ ንገሪኝ» አለቻት።

«ወጥቷል። ጡት መፈለግ ሲጀምር እንጠራሻለን።»

አስካለ እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቁስለኞቹን አስታውሳ። ከኮምቦልቻ የመጣው ዳቦ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ዘሀራ በውኃ ነክራ ለአስካለ አጎረሰቻት፤ ሦስታችንም በላነው።

ሐኪሙ እሑድ ከመሄዱ በፊት አልጋው ጋ መጣ። ጀማል ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ከጆሮው ኋላና ከእምብርቱ በላይ በፋሻ ተሸፍኖ ተኝቷል። ርግብግቢቱ ለስልሳለች። ሐኪሙ የእኔን ጣት ይዞ ከጆሮው ኋላ ከፋሻው ጠርዝ ላይ አሳረፈው። ከቆዳው ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት አለች። «ቀስ ብለህ ተጫን፣ ባልደረባ» አለኝ። ተጫንኩ፤ ሰመጠች። ለቀቅኩ፤ ተመልሳ ሞላች። በእነዚህ ጣቶች ስንቱን አጥንት ነክቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ነክቼ አላውቅም።

ጓዛችንን ከመሸከፋችን በፊት ቁስሉ እስኪጠግ አንድ ሳምንት ቆየን። ለወረኢሉ ሰው እንዴት እንደማሳየው አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ከመኪና ስወርድ ጀማልን አቅፌ በገበያው መሀል ማለፍ ነው። በመጨረሻው ቀን ሲስተሯ ለዘሀራ ምልክቶቹን አስደገመቻት፦ ቢያስመልስ፣ እንቅልፍ ቢበዛበት፣ ዓይኑ ቢሰምጥ፣ ቢያተኩሰው፣ በቱቦው መንገድ ላይ ቆዳው ቢቀላ፣ በዚያው ቀን ወደ እኛ። «ሐኪሙ ተመላልሶ ይመጣል። ከሌለ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ እንልከዋለን» አለቻት።

ዘሀራ «ክረምት ከወረኢሉ መኪና የለም» አለች። እየጠየቀች አልነበረም። ወደ እኔ ዞረች። «አያቴ፣ እኔ እዚህ ነኝ።»

ነገርኳት። መሬትሽን የገበሬ ማኅበሩ ይወስድብሻል አልኳት። የባልሽ ቤተሰብ ምን ይላል፣ በሰው ቤት እስከ መቼ፣ ምን ትበያለሽ አልኳት። ክርክሬ ሁሉ ጥሩ ነበር፤ እኔ መጥፎ ክርክር የለኝም። ሁሉንም ሰምታኝ ጀማልን አስተካክላ አቀፈችው። አስካለ ከኋላ «ጥጥ እንፈትላለን፤ በርበሬ እንቸረችራለን። ድስት እገዛላታለሁ፤ የራሷን» አለች።

በመመለሻው ጉጉፍቱ ላይ ጎማ አልፈነዳም። ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ስለነበር አንድ ጆንያ ሽንብራ አስቀመጡበት።

ወረኢሉ ስደርስ የጀማል አባት አባት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። «ልጁስ?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «የእኛን ልጅ ደሴ፣ ሰው ቤት! ማን ፈቀደላት?»

እኔ ፈቀድኩ ማለት እችል ነበር፤ ያምነኝም ነበር። «ማንም አልፈቀደላትም» አልኩት። «እሷ ናት የወሰነች። እኔ እንዳትቀር ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ።»

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ትናንት ከሰዓት በኋላ የደሴው አውቶቡስ ገባ። ሾፌሩ ገና ሳይቆም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል «አያ ይመር! ከሆጤ መልእክት አለዎት! ልጁ ተቀመጠ ብላለች! ያለ ድጋፍ!» ብሎ ጮኸ።

እኔም እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ።